በክረምት የማይደረመስ ሽንት ቤት እንዴት ይሠራል?

አያቴ ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ የምትይዛት አንዲት ወረንጦ ነበረቻት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጣ የዓይኗን ሽፋሽፍት በእሷ ትነቅላለች። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኗን ይወጋት ነበር። አንዳንዴ እኔን ትጠራኝና «ልጄ፣ ያንተ ዓይን ያያል፤ እስቲ ንቀልልኝ» ትለኛለች። እጄ እየተንቀጠቀጠ እነቅልላታለሁ። ያኔ እርጅና ያመጣው ይመስለኝ ነበር። ትራኮማ መሆኑን፣ ትራኮማ ደግሞ ከጓሯችን ጀርባ ካለው ሜዳ ጋር እንደሚገናኝ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ግንኙነቱ እንዲህ ነው። ትራኮማን ከልጅ ዓይን ወደ እናት ዓይን ከሚያሻግሩት አንዷ ዝንብ ናት። ከዓይን ከዓይን የማትጠፋው ያቺ ዝንብ እንቁላሏን የምትጥለው በተለይ ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። ጉድጓድ ውስጥ በገባው ላይ አትራባም። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጠናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ለዓመታት መድኃኒት ለሕዝቡ በጅምላ ሲታደል ቆይቷል። መድኃኒቱ ይሠራል። ሜዳው እንደነበረ ከቆየ፣ የልጆቹም ፊት ካልታጠበ ግን በሽታው ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ሽንት ቤት ነው የምጽፈው። «ሽንት ቤት ሥሩ» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። «እንዴት?» የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እ.ኤ.አ. በ2000 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 የኢትዮጵያ ቤተሰብ 82ቱ ምንም ዓይነት ሽንት ቤት እንደሌለው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲጠና ቁጥሩ ወደ 32 ወርዷል። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ቤት ለቤት እየዞሩ ያመጡት ለውጥ ነው፤ ክብር ይገባቸዋል። በዚያው በ2016ቱ ጥናት ግን ደረጃውን የጠበቀና የራሱ የሆነ ሽንት ቤት ያለው ከ100 ቤተሰብ 6 ብቻ ነበር። ሕዝቡ አልሰነፈም ማለት ነው። ቆፍሯል። የጎደለው አሠራሩ ነው።

የእኛም ቤት እንዲሁ ነበር። የመጀመሪያው ሽንት ቤታችን «ቁጥጥር ሊመጣ ነው» ተብሎ በሦስት ቀን የተቆፈረ ነው። በላዩ እርጥብ ባህር ዛፍ ተረበረበበት፣ ጭቃ ተለሰነበት፣ አለቀ። በሁለተኛው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ወለሉ ሰምጦ አገኘነው። ጥጃችን ገብታ ሞታለች። ሰው ቢሆንስ ኖሮ? እናቴ ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ሜዳ ተመለሰች። ማንም ሊፈርድባት አይችልም። ሰው የሚያስፈራው ሽንት ቤት አይገባም።

ሜዳው ምን ያደርገናል?

ትራኮማን አነሳሁ። ሌላም አለ።

የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ልጅ በአፈር ተጫውቶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ይገባለታል። መንጠቆ ትል ደግሞ አፍ እንኳ አያስፈልገውም። እርጥብ አፈር ውስጥ ይፈለፈልና በባዶ እግር ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። ነፍሰ ጡር ሴት በደም ማነስ ስትንገዳገድ አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል።

ተቅማጥ የደጋገመው ልጅ ደግሞ የሚበላው አይጠቅመውም። አንጀቱ ምግቡን በደንብ አይወስድለትም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። እህልና ከብት ባለበት ቤትም መቀንጨር አለ። እናቶች «ኧረ ይበላል፣ ግን አይወፍርም» ሲሉ ሰምቼ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ቤት ስገባ ከሌማቱ በተጨማሪ ጓሮውንም አያለሁ።

ብልሃርዚያም አለ። በብልሃርዚያ የተያዘ ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና እግሩን ውሃ ውስጥ የነከረውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። እዚህ ላይ አንድ የሚያኮራ ነገር ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1964 ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ አዩ። ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተገኙ። እንዶድ የብልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ዓለም ያወቀው ከዚያ ነው። እንዶድ ቀንድ አውጣውን ይገድላል፤ እንቁላሉ መጀመሪያውኑ ውሃው ውስጥ እንዳይገባ የሚያደርገው ግን ሽንት ቤት ነው።

አተትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ክረምቱ ሲገባ ጎርፉ ሜዳውን ጠርጎ ምንጭ ውስጥ ይጨምረዋል። ስለዚህ ቁፋሮውን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። አተት የሚገድለው ውሃ በማሳጣት ነው፤ በሰዓታት ውስጥም ሊገድል ይችላል። ተቅማጥና ትውከት እንደጀመረ ሕይወት አድን የሚባለውን ኦአርኤስ በጥብጣችሁ አጠጡና ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ኦአርኤስ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልክ እስከ አፉ ተደልድሎ። ጨው አታብዙ። የሚጠባ ልጅ ከሆነ ጡት አታቋርጡ።

ቦታ መምረጥ

ጥር ወይም የካቲት ላይ ጀምሩ። አዝመራው ገብቷል፣ አፈሩ ደርቋል፣ ሰውም እጁ ላይ ጊዜ አለ። ግን የደረቀ አፈር ያታልላል። በበጋ 3 ሜትር ስትቆፍሩ ደረቅ የነበረው በመስከረም ውሃ ሊያቁር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የጉድጓድ ውሃ ያለውን ጎረቤት «በመስከረም ውሃችሁ ስንት ክንድ ላይ ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሽንት ቤታችሁ ታች ከዚያ ውሃ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ከፍ ማለት አለበት።

ከውሃ ጉድጓድም ሆነ ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ራቁ። ሁልጊዜም ሽንት ቤቱ ከውሃው በታች፣ ቁልቁል በኩል ይሁን። ያጎነበሰ መሬት ላይ ፈሳሹ ወዴት እንደሚወርድ አስቡ። የእናንተ ብቻ ሳይሆን የታችኛው ጎረቤታችሁ ውሃም አለ።

ከቤት ደግሞ አታርቁት። ብዙ ሰው እንዳይሸት ብሎ አጥር ጥግ ይወስደዋል። ከዚያ ሌሊት ሴቶችና ልጆች አይሄዱም፤ እዚያው በር ላይ ይጸዳዳሉ። ከመኖሪያው ከ6 እስከ 10 ሜትር ያህል ይበቃል። ነፋስ በብዛት ከየት እንደሚነፍስ እዩና ሽታውን ወደ ቤት በማይመልስበት በኩል አድርጉት።

ስንት ይቆፈር?

«ዝም ብለህ ቆፍር» ከሚባለው ይልቅ ትንሽ ሂሳብ ብንሠራ ይሻላል። ፈሳሹ ወደ አፈር ሲሰርግና ሲበሰብስ አንድ ሰው በዓመት ከ40 እስከ 60 ሊትር ገደማ ደለል ይተዋል። ስድስት ሰው ያለው ቤት፣ በ60 ስናስበው፣ በዓመት 360 ሊትር ነው። ወርዱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ የላይኛው ግማሽ ሜትር ሳይቆጠር ወደ 1,960 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ አምስት ዓመት ግድም ያገለግላል። ቤተሰቡ በድንጋይ ወይም በበቆሎ ቆረቆንዳ የሚጠርግ ከሆነ ቶሎ ይሞላል። አራት ዓመትም ላይደርስ ይችላል።

ጉድጓዱ ክብ ይሁን። አራት ማዕዘን ለመቆፈር ይመች ይሆናል፤ ግን ግድግዳው ቶሎ ይናዳል። ክብ ጉድጓድ ራሱን ይደግፋል።

ቁፋሮው ላይ ስለ ሰው ሕይወት ነው የምናወራው። ብቻችሁን አትቆፍሩ። ሁልጊዜ ከላይ አንድ ሰው ገመድ ይዞ ይቁም። የወጣውን አፈር ከአፉ ቢያንስ 1 ሜትር አርቃችሁ ከምሩ፤ አፉ ላይ ከተከመረ ክብደቱ ግድግዳውን ይገፋዋል። አፈሩ ሲሰነጠቅ ወይም ሲረግፍ ካያችሁ ውጡ። በቃ ውጡ።

የአፈሩ ጠባይ

ቀይ አፈር ከሆነ እድለኞች ናችሁ። ጠንካራ ነው፣ ብዙ ጊዜ ያለ ድጋፍ ይቆማል። አፉን ብቻ ግማሽ ሜትር ያህል በድንጋይና በስሚንቶ መገንባት ይበቃል።

የእኛ መሬት ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። በክረምት ያብጣል፣ ይገፋል፣ ይንሸራተታል። የመጀመሪያው ሽንት ቤታችን የተናደውም በዚህ ነው። በዋልካ ላይ ጉድጓዱን ከታች እስከ ላይ በድንጋይ መካብ ያስፈልጋል። የታችኛውን ካብ ያለ ስሚንቶ ደርድሩት፤ ፈሳሹ በክፍተቱ ይሰርጋል። የላይኛውን ግማሽ ሜትር ግን በስሚንቶ ያዙት፤ የዝናብ ውሃ እንዳይገባ። በካቡና በአፈሩ መሃል ያለውን ክፍተት በጠጠር ሙሉት። ለካቡ የሚሆነውን ቦታ አስቀድማችሁ ማስፋት እንዳትረሱ። ካቡ በዙሪያው 20 ሳንቲ ከፈጀ የምትቆፍሩት 1 ሜትር ከ40 ነው። እኛ ይህን ረስተን ሁለቴ ቆፍረናል። ድንጋይ በሌለበት አገር በቀርቀሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት ተጎንጉኖ ይገባል። እንደ ድንጋይ ባይቆይም ጥቂት ዓመት ይይዛል።

እንደ ፎገራ ሜዳ ክረምቱን ውሃ በሚተኛበት ቦታ ግን ወደ ታች መቆፈር አያዋጣም። እዚያ ጥቂት ቆፍሮ ካቡን ከመሬት በላይ እስከ 1 ሜትር ማሳደግ፣ ዙሪያውን በአፈር ደልድሎ ጉብታ መሥራት፣ ከዚያ በደረጃ መውጣት ነው።

ወለሉ

እንደ እኔ እንደ እኔ ሽንት ቤት ማለት ወለሉ ነው። ሰው የሚፈራውም፣ የሚጸየፈውም ወለሉን ነው። ዝንብና ሽታ የሚወጡትም በወለሉ ቀዳዳ ነው። ብር ካላችሁ ከግድግዳውም ከጣሪያውም ቀድማችሁ እዚህ ላይ አውጡት።

ለ1 ሜትር ጉድጓድ 1 ሜትር ከ30 በ1 ሜትር ከ30 የሆነ፣ 7 ሳንቲ ውፍረት ያለው የስሚንቶ ወለል እንሥራ። አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ስሚንቶ ይበቃል። ልኩ 1 ስሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ነው። በባልዲ ስፈሩ፤ በአካፋ ከሆነ ይሳሳታል። አሸዋው አፈር ያለበት ከሆነ እጠቡት። ውሃ አታብዙ። ውሃ የበዛበት ሲሚንቶ ለማፍሰስ ይቀላል፣ ሲደርቅ ግን ደካማ ነው።

ባለ 8 ሚሊ ፌሮ ሁለት ባለ 12 ሜትር ግዙ። እያንዳንዱን 1 ሜትር ከ25 ቁረጡና በ15 ሳንቲ ርቀት በሁለቱም አቅጣጫ እንደ ወንፊት አጋድማችሁ በሽቦ እሰሩት። ፌሮው ከታች ይሁን፤ ከሥር 2 ሳንቲ ተኩል ያህል በትንንሽ ጠጠር ከፍ አድርጉት። ብዙ ሰው ከላይ ያስቀምጠዋል። ወለል ሰው ሲቆምበት የሚሰነጠቀው ከሥሩ ነው፤ ስለዚህ ብረቱም እዚያው ይሁን።

ቀዳዳው ስፋቱ 18 ሳንቲ፣ ርዝመቱ 35 ሳንቲ ይሁን። ከዚያ ከሰፋ ትንሽ ልጅ ይፈራል፤ መፍራቱም ልክ ነው። ቅርጹን በእርጥብ ጭቃ ወይም በእንጨት ሠርታችሁ መሃል ላይ አስቀምጡና ዙሪያውን አፍስሱ። በግራና በቀኙ የእግር መርገጫ ከፍ አድርጉ፤ ሌሊት ሳያዩ እንኳ እግር ቦታውን ያገኘዋል። ወለሉ በትንሹ ወደ ቀዳዳው ያዘንብል፤ ሲታጠብ ውሃው ራሱ ይወርዳል። ፊቱን በማንኪያ ጀርባ አልስልሱት። የለሰለሰ ወለል በአንድ ጣሳ ውሃ ይጸዳል።

ከዚያ ትዕግሥት ነው። በጆንያ ሸፍናችሁ ለ7 ቀን ጠዋት ማታ ውሃ አጠጡት። ሳይጠጣ በፀሐይ የደረቀ ይሰነጠቃል። ወለሉ ወደ 280 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ከጉድጓዱ አጠገብ አፍስሱት። ለማንሳት ደቦ ጥሩ፤ ስድስት ሰው በገመድና በአጣና ይገፋዋል። በዙሪያው 15 ሳንቲ ያህል መሬቱን ወይም ካቡን መያዙን አረጋግጡ።

ይህን ሁሉ የማትችሉ ከሆነስ? 60 በ60 ሳንቲ የሆነች ትንሽ የስሚንቶ መቀመጫ ሥሩ። ውፍረቷ 5 ሳንቲ ይበቃል። እሷን በእንጨት ወለል መሃል አስቀምጡ። ሰው የሚቆምባት፣ የምትታጠበው እሷ ናት። የእንጨቱ ጠላት ግን ምስጥ ነው። እርጥብ ባህር ዛፍ አትርበርቡ። ጥድ ወይም ወይራ ይሻላል፤ ባህር ዛፍ ከሆነም በደንብ የደረቀ ይሁንና የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀቡት። በየዓመቱ ከክረምት በፊት በዶማ ጀርባ መታ መታ አድርጋችሁ ድምፁን ስሙ። ባዶ ድምፅ ካለው በልቶታል ማለት ነው፤ ቀይሩት።

ከተማ ሳቶ የሚባለው የፕላስቲክ መቀመጫ ከተገኘ እሱም ጥሩ ነው። በትንሽ ውሃ ሲገፋ ይከፈትና መልሶ ራሱ ይዘጋል።

ክዳን ወይስ ቱቦ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱን ምረጡ።

አንደኛው ክዳን ነው። ቀዳዳውን ግጥም አድርጎ የሚዘጋ፣ ከተቻለ ከስሚንቶ የተሠራ፣ ረጅም እጀታ ያለው። እጀታው የሚረዝመው ሰው ሳያጎነብስ፣ እጁም ሳይነካው እንዲያነሳው ነው። እጀታው አጭር ከሆነ ማንም አይከድነውም። ይህን በቤታችን አይቼዋለሁ።

ሁለተኛው የአየር ቱቦ ነው። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዚምባብዌ ውስጥ የተፈጠረ ነው። ከጉድጓዱ ተነስቶ ከጣሪያው ግማሽ ሜትር ከፍ የሚል፣ ወርዱ 11 ወይም 15 ሳንቲ የሆነ ቱቦ ይቆማል። ነፋስ በቱቦው አናት ላይ ሲያልፍ ሽታውን ወደ ላይ ይስበዋል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለች ዝንብ ብርሃን ወዳለበት ትበራለች። ብርሃኑ ያለው በቱቦው አናት ነው። እዚያ የወንፊት ሽቦ ታስሮ ይጠብቃታል፤ መውጣት አትችልም፣ እዚያው ትሞታለች። ይህ የሚሠራው ግን ቤቱ ውስጡ ጨለም ካለ ነው። ትልቅ መስኮት ካወጣችሁለት ዝንቧ በቀዳዳው ወደ እናንተ ትመጣለች። ወንፊት የሌለው ቱቦም ለዝንብ መውጫ በር ነው። ቱቦ ካለ ቀዳዳው አይከደንም፤ አየሩ የሚገባው በእሱ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ከተጠቀማችሁ በኋላ አንድ እፍኝ አመድ ጨምሩ። ሽታውን ይቀንሳል፣ ዝንቡንም ያርቃል። አመድ በየቤቱ አለ፤ በአሮጌ ጣሳ አድርጋችሁ ጥግ ላይ አስቀምጡ። የልብስ እጣቢና ቆሻሻ ግን አትጨምሩበት። እጣቢው ጉድጓዱን ውሃ ያቁርበታል፣ ትንኝም ያራባበታል።

ግድግዳ፣ በር፣ ጣሪያ

ግድግዳው እንደ ቤታችሁ ነው፤ አጣና፣ ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ። እዚህ ላይ አልቆይም። ጣሪያው ሳርም ቆርቆሮም ይሁን፣ ውሃው ከጉድጓዱ ርቆ እንዲወርድ አስወጡት። ወለሉ ከመሬት ቢያንስ 15 ሳንቲ ከፍ ይበል። ዙሪያውን ቦይ ቁረጡ። የእኛን ያፈረሰው ጎርፍ የገባው ቦይ ስላልነበረ ነው።

በሩ ላይ ግን ልቆይ። በጆንያ የተሸፈነ ሽንት ቤት ሴት ልጅ አይጋብዝም። ከውስጥ የሚቆለፍ በር ይሁን፤ የእንጨት መወርወሪያም ይበቃል። እህቶቼ ሜዳ የሚሄዱት ሳይነጋ ወይም ሲመሽ ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ ይዘውት ይውላሉ። ውሃ እንኳ የማይጠጡት ለዚህ ነው። ለወር አበባ ጊዜ መታጠቢያ ውሃና የንጽሕና መጠበቂያውን ማስቀመጫ ክዳን ያለው ዕቃ ቢኖር ትልቅ እፎይታ ነው።

ለአዛውንት ግድግዳው ላይ የሚይዙት አግዳሚ እንጨት ስሩላቸው። መቀመጥ የሚከብዳቸው ካሉ መሃሉ የተበሳ ወንበር ቀዳዳው ላይ አድርጉ። አያቴ በስተመጨረሻ ጭራሽ ማየት ስታቆም ከመኝታዋ በር እስከ ሽንት ቤቱ ገመድ ወጠርንላት። ገመዱን በእጇ እየዳበሰች ብቻዋን ሄዳ ትመለሳለች። ማንንም ሳትጠራ። ያንን ቀን ምን ያህል ደስ እንዳላት አልረሳውም።

ሽፋሽፍት የሚነቅሉ እናት ወይም አያት ካሏችሁ ወረንጦውን አትደግፉ። አጭር የዓይን ሽፋን ቀዶ ጥገና አለ፤ በሠለጠኑ ነርሶች ጤና ጣቢያ ላይም ይሠራል። ዛሬውኑ ጠይቁ። እኛ ዘግይተናል።

እጅ መታጠቢያ

ከሽንት ቤቱ በር እንደ ወጡ እጅ የሚታጠቡበት ቦታ መኖር አለበት። «ቤት ገብቼ እታጠባለሁ» የሚል ሰው አይታጠብም። እጅን በሳሙና መታጠብ ብቻውን ተቅማጥን በሲሶ ገደማ ይቀንሳል።

በጣም ቀላሉ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ከታች በኩል ጎኑን በጋለ ምስማር ብሱት። ውሃ ሙሉና ክዳኑን አጥብቁት፤ ውሃው ይቆማል። ክዳኑን ላላ ስታደርጉት ይፈስሳል። በር ላይ በገመድ እሰሩት።

የተሻለው ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ነው። ሁለት ባላ እንጨት ትከሉና ጀሪካኑን በእጀታው በኩል በአግዳሚ እንጨት አንጠልጥሉ። ከክዳኑ ዝቅ ብላችሁ ፊት ለፊቱን በጋለ ምስማር ብሱት። አንገቱ ላይ ገመድ እሰሩና የገመዱን ሌላ ጫፍ መሬት ላይ ካለ እንጨት ጋር አያይዙት። እንጨቱን በእግር ሲረግጡት ጀሪካኑ ያዘነብላል፣ ውሃ ይወርዳል። በቆሸሸ እጅ ምንም ነገር አይነካም። ሳሙናውን ብሱና በገመድ አጠገቡ አንጠልጥሉ። ሳሙና ካለቀ አመድ ይሁን። ከሥሩ ጠጠር አፍስሱ፤ አለዚያ ጭቃ ይሆናል፣ ሰውም ይሸሸዋል። ውሃ የመሙላቱን ሥራ ለአንድ ልጅ ስጡት። ልጆች በእግር መርገጡን ይወዱታል፤ የእህቴ ልጆች ሳያስፈልጋቸው ሁሉ ይታጠባሉ። ፊታቸውንም እዚያው ያጥቡ።

የሕፃን ነገር

«የሕፃን ዓይነ ምድር ንጹህ ነው» ይባላል። እናቴም ትለው ነበር። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ተቅማጥ የሚበዛው በሕፃናት ስለሆነ ጀርሙም እዚያ ይበዛል። ፖፖ ላይ አስቀምጡት፣ ሽንት ቤት ውስጥ ድፉት፣ ፖፖውን እጠቡት፣ እጣቢውንም ሽንት ቤቱ ውስጥ፣ ከዚያ እጃችሁን። ጨርቁን ያጠባችሁበትን ውሃ ጓሮ አትድፉ። ጥጃና ዶሮ ልጅ ከሚድህበት ቦታ ይለዩ።

የመጠጥ ውሃ

ሽንት ቤቱ ባማረበት ቤትም ውሃው ከምንጭ እስከ ጣሳ ሲደርስ ይበከላል። ጀሪካኑን ጠጠርና ሳሙና ጨምራችሁ እየናጣችሁ እጠቡት። ጣሳ እንሥራ ውስጥ አታጥልቁ፤ ቅዱ። ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ ካላችሁ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ለክታችሁ ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የደፈረሰ ውሃ ከሆነ አስቀድማችሁ በንጹህ ነጠላ አጥልሉት። ስታፈሉ ደግሞ ደጋ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው። ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ፣ ጎጃምና ጎንደር ደጋው እንዲሁም አዲስ አበባም በዚያ ውስጥ ናቸው፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ አቆዩት።

የጋራ ሽንት ቤት ላላችሁ

ከተማ ውስጥ አንድ ሽንት ቤት ለአምስትና ለስድስት ቤተሰብ ነው። ችግሩ ቁፋሮው አይደለም፤ «የማን ተራ ነው?» የሚለው ነው። የጽዳት ተራ በወረቀት ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ። በየወሩ ለመምጠጫ መኪና ጥቂት ብር አዋጡና አንድ ሰው ይያዘው። ሞልቶ መፍሰስ ሲጀምር ገንዘብ መሰብሰብ ዘግይቷል። ቁልፍ ከተደረገም ልጆችም የሚያገኙበት ቦታ ይንጠልጠል።

ሲሞላ

በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ረጅም ዘንግ አስገብታችሁ ለኩ። ደለሉ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ ሲደርስ አቁሙ። ከዚያ በላይ መጠቀም ዝንብን መጋበዝ ነው። አዲሱን ጉድጓድ አንድ ዓመት ሲቀረው ቆፍራችሁ ጠብቁ፤ አለዚያ በመሃል ሜዳ ትመለሳላችሁ። የስሚንቶው ወለል አይጣልም፤ ደቦ ተጠርቶ ወደ አዲሱ ይሻገራል።

አሮጌውን በአፈርና በአመድ ሙሉትና ደልድሉት። ላዩን ከፍ አድርጉት፣ ይሰምጣል። ደለሉን ለማዳበሪያ ማውጣት የሚፈልግ ሁለት ዓመት ይታገስ፤ የወስፋት እንቁላል ቶሎ አይሞትም። እኛ አላወጣነውም። ላዩ ላይ ግማሽ ሜትር አፈር አልብሰን ፓፓያ ተከልንበት። እናቴ መጀመሪያ ፍሬውን አልበላም ብላ ነበር። አሁን ለጎረቤት ሁሉ ትሰጣለች።

ሦስተኛውን ጉድጓድ ዘንድሮ ጥር ላይ እንጀምራለን። ድንጋዩ ተሰብስቧል። በዚህኛው 1 ሜትር ከ40 ነው የምንቆፍረው።